ቀለሃን ወደ ልኩ መመለስ፦ ሙሉውን፣ አንገቱን ብቻ ወይስ ትከሻውን እየለኩ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ትንሽ የቶርኖ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ኖሬያለሁ። እሠራበት በነበረው የብረት ሥራ ቤት አንድ ሽማግሌ አዳኝ ነበሩ። የተኮሱበትን ቀለሃ አይጥሉም። ጋራዣቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ያጸዱታል፣ ወደ ልኩ ይመልሱታል፣ እንደገና ይሞሉታል። ፈረንጆቹ ሪሎዲንግ የሚሉት ይህንን ነው። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎናቸው እየተቀመጥኩ ተማርኩ።

አሁን ደግሞ አሜሪካ ያሉ የእህትና የወንድም ልጆች በቴሌግራም ይጠይቁኛል። አደን ጀምረዋል፣ ፕሬስ የሚባለውን መጭመቂያ ገዝተዋል፣ ዳይ የሚባለውን ፎርማ ገዝተዋል። ጥያቄያቸው ግን ከዓመት ዓመት ያው ነው። መመለስ ሲሰለቸኝ እዚህ አንድ ላይ ሰበሰብኩት። ጠያቂዎቹ ልጆች ስለሆኑ «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ታላላቆቼ ቅር እንዳይላችሁ።

ስለ ባሩድ መጠን ግን አንድም ቃል አልጽፍም። እሱን ባሩዱን የሚሠራው ኩባንያ ካሳተመው ሰንጠረዥ እንጂ ከአጎት አይጠይቁም።

ይህንን ነገር ኢትዮጵያ ውስጥ መሥራት ይቻላል?

አይቻልም። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያም ሆነ ጥይት መሥራት፣ መያዝና መነገድ ያስከስሳል። የምጽፈው ሕጉ በሚፈቅድበት አገር ላሉት ነው። የጅማ ልጆች፣ እባካችሁ ቀለሃ ይዛችሁ ቶርኖ ቤቴ አትምጡ። እስካሁን ሁለት ሰው መጥቷል። ሁለቱንም ቡና አጠጥቼ ሸኝቻለሁ።

ቀለሃ ለምን ወደ ልኩ መመለስ ያስፈልገዋል? ተተኮሰ እንጂ አልተቀጠቀጠም።

ተቀጥቅጧል እንጂ! ከውስጥ ስለሆነ ነው የማይታይህ። የመኪናህ ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት በካሬ ኢንች ሠላሳ ምናምን ፓውንድ ነው። የ308 ዊንቸስተር ጥይት ሲተኮስ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 62,000 ነው። ቀለሃው የተሠራው ከናስ ነው፤ 70 እጅ መዳብ፣ 30 እጅ ዚንክ። በዚያ ግፊት ናሱ ይለጠጥና የጠብመንጃውን ቻምበር፣ ማለትም ጥይቱ የሚያድርበትን ክፍል፣ ግድግዳ ይነካል። ግፊቱ ሲወርድ ትንሽ ወደ ኋላ ይሰበሰባል። «ትንሽ» የምትለዋን ቃል ያዛት። ወደ መጀመሪያ ልኩ አይመለስም።

ስለዚህ ተተኩሶ የወጣ ቀለሃ የአንተን ጠብመንጃ ቻምበር ቅርጽ ይዞ ነው የሚወጣው። ጫማ ሰሪ ቆዳውን ፎርማ ላይ እንደሚወጥረው ማለት ነው። አንገቱም፣ ማለትም እርሳሱ የሚገባበት ጠባቡ አፉ፣ ሰፍቷል፤ አዲስ እርሳስ፣ ማለትም ተተኩሶ የሚሄደውን የጥይቱን ጫፍ፣ ብታስገባበት አይይዝም፣ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ቢያንስ አንገቱ መጥበብ አለበት። ከአንገቱ በታች ያለውን ምን ያህል እንጨምቀው የሚለው ነው ጭቅጭቁ ሁሉ።

ዘዴዎቹ ስንት ናቸው?

በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ሙሉ ሳይዝ ነው፤ ሳይዝ ማለት ወደ ልክ መመለስ ነው። ዳዩ አንገቱንም፣ ገላውንም ይጨምቃል፣ ትከሻውንም፣ ማለትም ሰፊው ገላ ወደ አንገቱ የሚጠብበትን ቦታ፣ ወደ ኋላ ወደ መቀመጫው (ወደ ቀለሃው ሥር) ይገፋል። ዳይ የምንለው ከጠንካራ ብረት የተቦረቦረ ፎርማ ነው፤ ቀለሃው እየተገፋ ይገባበታል። ሁለተኛው አንገት ብቻ ነው። ገላውና ትከሻው አይነኩም፣ ከቻምበሩ እንደወጡ ይቀራሉ። ሦስተኛው ራሱ ሙሉ ሳይዝ ነው፤ ልዩነቱ ትከሻው የሚገፋው ተለክቶ፣ በጣም ትንሽ መሆኑ ነው። የእኔ ምርጫ ይሄኛው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውም ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመልሰኛል።

የጅማን ክረምት የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሐምሌ ላይ የእንጨት በር ያብጣል። ገፍተህ አይዘጋም። አናጢ ትጠራለህ። ሰነፉ አናጢ ከጠርዙ አንድ ጣት ይልግልሃል። በሩ እንደ ቅቤ ይዘጋል። ጥር ሲመጣ ግን እንጨቱ ይደርቅና በስንጥቁ ድመት ይገባል። ጎበዙ አናጢ በሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ የት ጋ እንደነካ ያያል፣ እዚያችው ጋ ብቻ ስስ ልጭ ያነሳል። ሙሉ ሳይዝ በመመሪያው ወረቀት ሲደረግ የመጀመሪያው አናጢ ነው። ትከሻውን እየለኩ መግፋት ሁለተኛው ነው። አንገት ብቻ ደግሞ «ተወው፣ በትከሻዬ እየገፋሁ እዘጋዋለሁ» የሚለው የቤቱ ባለቤት ነው።

ግን አንገት ብቻ ማጥበብ ዒላማ ላይ የተሻለ ነው ይላሉ። ውሸት ነው?

ውሸት አይደለም፣ ግን አርጅቷል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ቀለሃው ከቻምበሩ ጋር ልክ ከሆነ ጥይቱ መሐል ለመሐል ይቀመጣል፣ ናሱም ብዙ ስለማይለጠጥና ስለማይጨመቅ ዕድሜው ይረዝማል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ተኩሶች ላይ ይሠራል። ከዚያ ቀለሃው በየተኩሱ ትንሽ ትንሽ እያደገ ይሄድና አንድ ቀን ቦልቱ፣ ማለትም የቻምበሩ መዝጊያ፣ አልዘጋ ይልሃል። በጉልበት ትዘጋዋለህ። ከተኮስክ በኋላ ደግሞ መክፈት ትግል ይሆናል። ያኔ ወደድክም ጠላህም ሙሉ ሳይዝ ታደርገዋለህ። በዚህ ምክንያት በአንድ ሳጥን ውስጥ አንዳንዱ ጠባብ፣ አንዳንዱ ሰፊ ቀለሃ ይኖርሃል። ዒላማ የምትመታው ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሆን ነው።

በወረቀት ዒላማ የሚወዳደሩት ተኳሾችም ዛሬ ብዙዎቹ ወደ ሙሉ ሳይዝ ተመልሰዋል፤ እየለኩ እርግጥ ነው።

ለአዳኝ ደግሞ ጉዳዩ የዒላማ ብቻ አይደለም። እጅህ በብርድ ደንዝዟል፣ ኤልኩ፣ ያ ትልቁ አጋዘን፣ ቆሞ ያይሃል፣ የመጀመሪያው ጥይት ስቷል። ሁለተኛዋ ጥይት ቻምበር ውስጥ አልገባም ብትል የሁለት ሳምንት ፈቃድህና የመኪናህ ነዳጅ በአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ተበላ ማለት ነው።

የዳዩ መመሪያ «የቀለሃውን መያዣ እስኪነካ አውርደው፣ ከዚያ ሩብ ዙር ጨምር» ይላል። እንደዚያ ባደርግ ምን ችግር አለው?

ይሠራል። ጥይቱ የትኛውም ጤነኛ ጠብመንጃ ውስጥ ይገባል። መመሪያው የተጻፈውም ለዚያ ነው፤ አምራቹ የአንተን ጠብመንጃ አያውቀውም፣ ስለዚህ ለሁሉም እንዲሆን አድርጎ ያጠብበዋል። ሰነፍ አናጢ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጣጣው የሚመጣው በሂደት ነው። ትከሻው ስድስት ወይም ስምንት ሺኛ ኢንች ወደ ኋላ ተገፋ እንበል። በሚቀጥለው ተኩስ የጠብመንጃው መርፌ ቀለሃውን ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ግፊቱ የፊት ግድግዳውን ከቻምበሩ ጋር ያጣብቀዋል። ከመቀመጫው በኩል ያለው ደግሞ ክፍተቱን ለመሙላት ወደ ኋላ ይሳባል። የሚለጠጠው ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ወፍራሙ ናስ የሚቀጥንበት ቦታ ነው። እንደገና ወደ ኋላ ገፋኸው፣ እንደገና ተለጠጠ። ሽቦ እያጠፍክና እያቃናህ ስትሰብር አይተሃል አይደል? እንደዚያው ነው። ከጥቂት ዙር በኋላ ቀለሃው ለሁለት ይቆረጣል፣ ግማሹ ቻምበር ውስጥ ይቀራል። የከፋው ሲመጣ ደግሞ የጋለ ጋዝ ወደ ፊትህ ያመልጣል።

እሺ፣ ትከሻውን ስንት ልግፋ? እንዴትስ እለካለሁ?

በእጅ ለሚቀባበል የቦልት ጠብመንጃ ከአንድ እስከ ሁለት ሺኛ ኢንች ይበቃል። ሁለት ሺኛ ማለት 0.05 ሚሊሜትር ነው። ከአንድ የራስ ፀጉር ይቀጥናል።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው።

መጀመሪያ በራስህ ጠብመንጃ የተተኮሰ ቀለሃ ያዝ። የጓደኛህ አይሆንም፤ የሱ ቻምበር ሌላ ነው። አንዴ ብቻ የተተኮሰ ከሆነ ቻምበሩን ሙሉ በሙሉ ላይሞላው ይችላል። ስለዚህ ሦስት አራት ቀለሃ ለይና አንገታቸውን ብቻ እያጠበብክ፣ ቦልቱ ሲዘጋ ትንሽ ተቃውሞ እስክታገኝ ድረስ ተኩሳቸው። አንገት ብቻ ማጥበብን የምወድላት ለዚህች ሥራ ነው። አሁን ቀለሃዎቹ የቻምበርህ ሻጋታ ሆነዋል።

ቀጥሎ የተተኮሰውን ፕራይመር አውጣ። ፕራይመር ማለት መርፌው የሚመታት መቀመጫው ላይ ያለች ትንሽ ቆብ ናት። አንዳንዴ በትንሹ ወደ ውጭ ገፍታ ትቀራለች፤ ከነሷ ከለካህ ቁጥሩ ይዋሻል። ስለዚህ እሷን ሳያወጡ መለካት የለም።

ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ላይ የሚታሰር ኮምፓሬተር የሚባል ትንሽ ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ብረት አለ። ቀዳዳው ትከሻው መሐል ላይ ያርፋል። ከመቀመጫው እስከዚያ ድረስ ያለውን ይለካልሃል። ለምሳሌ 1.628 አነበበ እንበል። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ከመጽሐፍ ጋር አታወዳድረው፤ የኮምፓሬተርህ ቀዳዳ ትንሽ ቢለያይ ቁጥሩም ይለያያል። የምትፈልገው ልዩነቱን ነው። ከዳዩ ሲወጣ 1.626 ካነበበ ሁለት ሺኛ ገፍተሃል፣ ጨርሰሃል።

አሁን ዳዩን እናስተካክል። ፕሬሱ ላይ ሲገባ መያዣውን ሳይነካ ከፍ አድርገህ ጀምር። ቅባት የተቀባ ቀለሃ አስገባ፣ አውጣ፣ ቅባቱን ጥረግ፣ ለካ። ከዚያ ዳዩን ትንሽ አውርድ። ትንሽ ስልህ እንዴት ያለ ትንሽ? የተለመደው የሪሎዲንግ ዳይ ጥርስ በአንድ ኢንች 14 ነው። አንድ ሙሉ ዙር 71 ሺኛ ኢንች ያወርደዋል ማለት ነው። ሩብ ዙር ወደ 18 ሺኛ ነው! ሁለት ሺኛ ለማውረድ የሚያስፈልግህ አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። የግድግዳ ሰዓት ተመልከት። የደቂቃው ዘንግ ሁለት ደቂቃ ሲሄድ 12 ዲግሪ ዞሯል። ስለዚህ ዳዩን በየጊዜው አንድ ደቂቃ፣ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው የምታዞረው። እኔ ዳዩ ላይ በማርከር አንዲት መስመር አሰምርበታለሁ። የእህቴ ልጅ ይህን ከነገርኩት በኋላ የዳዩን ፎቶ ላከልኝ፤ ዙሪያውን ከ12 እስከ 11 ቁጥር ጽፎበታል። ሳቅኩ፣ ግን አልተሳሳተም።

መጨረሻ ላይ ባዶውን ቀለሃ ቻምበር ውስጥ አስገብተህ ቦልቱን ዝጋ። ባዶውን ነው ያልኩት፤ ሳሎን ውስጥ በተሞላ ጥይት የሚሞክር ሰው ሰምቼ ደንግጫለሁ። ቦልቱ ያለ ምንም ግፊት ከተዘጋ ጥሩ ነው።

ስለ ካሊፐር አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ቶርኖ ቤት የምንሠራበት ተራው ቬርኒየር በ0.02 ሚሊሜትር ነው የሚያነበው። 0.05 ሚሊሜትር ለመለካት ሁለት መስመር ተኩል ነው፤ ዓይን ያስለቅሳል። ዲጂታሉን ያዝ። ውድ መሆን የለበትም፤ ያንኑ ቀለሃ አምስት ጊዜ ስትለካው አምስቴም ያንኑ ቁጥር ይስጥህ እንጂ።

ዳዩን ከፍ አድርጌ ግማሽ ብቻ ብጨምቀውስ? ትከሻውን ጨርሶ ሳልነካ?

ብዙ ሰው የሚወድቅባት ጉድጓድ ይህች ናት። ያልነካኸው ይመስልሃል፣ ነክተኸዋል። ዳዩ ገላውን ሲጨምቅ ናሱ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ሊጥ በእጅህ ስትጨብጥ በጣቶችህ መሐል እንደሚወጣው፣ ናሱም ወደ ላይ ይሄድና ትከሻውን ወደ ፊት ይገፋዋል። ከዳዩ ሲወጣ ከመግባቱ በፊት ከነበረው ሊረዝም ይችላል። ሰውየው ሳይዝ አድርጎ ቦልቱ የባሰ ሲጠብቅበት ዳዩ ተበላሸ ብሎ ይመልሳል። ዳዩ ምንም አልሆነም፤ ትከሻው እስኪነካ ድረስ ትንሽ መውረድ ነበረበት።

የኔ በራሱ የሚቀባበል ነው። ይለያል?

ይለያል። ለሱ ሁልጊዜ ሙሉ ሳይዝ ነው፤ አንገት ብቻ የሚባል ነገር እርሳው። ትከሻውንም ከሦስት እስከ አራት ሺኛ ግፋ። በራሱ የሚቀባበል መሣሪያ እንደ እጅህ አያስተውልም፣ ጥይቷ ስትጠብቅበት «ቆይ» አይልም። ቦልቱ በስፕሪንግ ጉልበት ይመጣል፤ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቢቀር ወይም ቢተኮስ አደጋ ነው። በክንድ የሚሳቡት ሌቨርና ፓምፕም እዚህ ጎራ ናቸው፤ ጠባብ ቀለሃ በጉልበት የሚያስገባ አቅም የላቸውም።

ገላውን ይበልጥ የሚያጠብ ስሞል ቤዝ የሚባል ዳይም አለ። በተራው ዳይ የተጨመቀው ቀለሃህ ገብቶ የሚወጣ ከሆነ አትግዛው።

ከተኩስ ሜዳ የለቀምኩት ቀለሃስ? የክላሽስ?

ከየትኛው ጠብመንጃ እንደወጣ የማታውቀውን ቀለሃ የመጀመሪያውን ጊዜ ሙሉ ሳይዝ አድርገው። የሰው ቻምበር ሻጋታ ነው፤ አንገቱን ብቻ አጥብበህ ወደ አንተው ልታስገባው አትሞክር። አንዴ በአንተ ጠብመንጃ ከተተኮሰ በኋላ የአንተ ይሆናል፣ ያኔ እየለካህ ትቀጥላለህ። የወታደር ቀለሃ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ወፍራም ነው። ውስጡ ይጠባል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ከሲቪሉ ጋር አትቀላቅለው።

የክላሹ ብዙውን ጊዜ ከብረት የተሠራ፣ ቫርኒሽ የተቀባ ነው። ፕራይመሩም በርዳን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከሥሩ በአንዱ ቀዳዳ ፈንታ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለው። የተለመደው ዳይ ፕራይመሩን የሚገፋው መሐል ላይ ባለው አንድ መርፌ ስለሆነ ቀዳዳ አያገኝም፣ መርፌውን ትሰብራለህ። ተወው። እዚህ አገር ልጆች አፋቸው ላይ አድርገው የሚያፏጩበት እሱን ነው፤ ለዚያ ይበቃል።

አያቴ ስለ ውጅግራ ሲያወሩ «ቀለሃ እየለቀምን እናስሞላ ነበር» ይላሉ። ያኔ ትከሻ የሚለካው በምን ነበር?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ከሁሉም የወደድኩት። ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው ፉዚል ግራ የመጣ ነው፤ የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጠብመንጃ ነው፤ አድዋ ላይም ነበረ። በዚያ ዘመን ጥይት ከአሞሌና ከማርትሬዛ ብር ጎን እንደ ገንዘብ ይዞር ነበር። ስለዚህ ባዶ ቀለሃ አለመጣላቸው አይገርመኝም።

ለጥያቄህ ግን፦ የውጅግራ ቀለሃ መቀመጫው ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። ቻምበር ውስጥ ሲገባ የሚያቆመው ያ ከንፈር ነው እንጂ ትከሻው አይደለም። ስለዚህ ትከሻው ትንሽ ቢበላለጥ ጥይቱ ቦታውን ይይዝ ነበር። በዘመኑ ለነበረው የእጅ መሣሪያ ምሕረት ያለው አሠራር ነው።

የእንግሊዙ 303ም ባለ ከንፈር ነው። ቻምበሩም ጭቃና አቧራ እንዲችል ሰፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። በዚህ ምክንያት ቀለሃው ሲተኮስ በጣም ይለጠጣል፣ ሙሉ ሳይዝ ስታደርገው ደግሞ በጣም ትጨምቀዋለህ፣ ቶሎ ይሞታል። አንገት ብቻ ማጥበብ ዛሬም ሞገስ ያለው እዚህ ጋ ነው። እስካሁን ስነቅፈው ስለነበር ይህችን ፍትሕ ልስጠው።

መቀመጫው ላይ ቀበቶ ያለው ማግነምስ?

300 ዊንቸስተር ማግነምና ዘመዶቹ ማለትህ ነው። አዲስ ጥይት ቀበቶው ላይ ይቆማል። ከተተኮሰ በኋላ ግን እንደማንኛውም ቀለሃ በትከሻው እንዲቆም አድርገህ ለካው። ይህን ካላደረግህ ትከሻውን ከመጠን በላይ ትገፋለህ፣ ቀለሃውም ቀበቶው ፊት ለፊት ይቆረጣል።

ቡሽንግ ዳይ ልግዛ?

ለአደን አያስፈልግህም። ቡሽንግ ማለት ዳዩ ውስጥ የሚቀያየር ቀለበት ነው፤ አንገቱን ምን ያህል እንደሚያጠብ አንተ ትመርጣለህ። እርሳስ የተቀመጠበትን አንገት ለክተህ ከዚያ በሁለት ሺኛ ገደማ የሚያንስ ቀለበት ታስገባለህ። ጥቅሙ አንገቱን ሳያስፈልግ ብዙ አለመጨመቅህ ነው። ተራው ዳይ አንገቱን በጣም ያጠብና ሲወጣ ውስጡ ባለው ኳስ መልሶ ያሰፋዋል። ኳሱ ደረቅ አንገት ውስጥ ሲያልፍ ይንጫጫል፣ የለካኸውንም ትከሻ ወደ ፊት ሊስብብህ ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ አንገቱን ከውስጥ ትንሽ ቅባት ንካው። ገንዘቡን ለኮምፓሬተሩ አውለው።

ቀለሃው ዳዩ ውስጥ ተቀረቀረ! ምን ላድርግ?

ቅባት ረስተሃል። እኔም ረስቻለሁ፣ ስለዚህ አልቆጣህም። ሠላሳ ቀለሃ በደንብ ቀባሁና ሠላሳ አንደኛው ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ተመልሼ ሳልቀባ አስገባሁት። ሲገባ ከበደኝ። ማቆም ነበረብኝ፤ በእልህ ጫንኩት። ወደ ታች ስስበው መያዣው የቀለሃውን ጠርዝ ገንጥሎ መጣ፣ ቀለሃው እዚያው ቀረ።

መጀመሪያ ጉልበት ተው። ዳዩን ከፕሬሱ ፍታ፣ የመሐሉን ዘንግ የቻልከውን ያህል ወደ ላይ አውጣ። ዳዩን ሞርሳ ላይ ጨርቅ አልብሰህ እሰረው። ከቀለሃው መቀመጫ መሐል፣ ፕራይመሩ ከነበረበት ቀዳዳ፣ በድሪል ብሳና የቡሎን ጥርስ አውጣበት። ከዚያ ሰፋ ያለ ቱቦ ወይም የተደራረበ ሮንዴላ ዳዩ አፍ ላይ አስቀምጠህ ቡሎኑን አጥብቀው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቀለሃውን እየሳበ ያወጣዋል። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ዕቃም አለ።

ቅባቱን ግን ስታበዛውም ጉድ ነው። ትከሻው ላይ የተጠራቀመ ቅባት መሄጃ ያጣና ናሱን ይሰረጉደዋል። ገላውን በጣትህ ስስ አድርገህ፣ ትከሻውን ዝለለው። «ዳዩ ካርባይድ ነው፣ ቅባት አይፈልግም» የሚሉህ የሽጉጡን ነው። የጠብመንጃው ካርባይድም ቢሆን ይፈልጋል።

ቀለሃው መቼ ነው የሚጣለው?

አንገቱ ከተሰነጠቀ ወዲያው። እሱ ብዙ አያስፈራኝም፣ ይታያል። የሚያስፈራኝ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ የሚወጣው ደማቅ ቀለበት ነው። ከናሱ ቀለም ነጣ ብሎ፣ ዙሪያውን እንደ ክር የታሰረ ይመስላል። ከውስጥ እየሳሳ ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ ቀጭን ሽቦ ውሰድ፣ የወረቀት መያዣ ክሊፕ ይበቃል። ጫፉን አጥፈህ አሹለው። ወደ ቀለሃው ሥር አስገብተህ ግድግዳውን እየነካህ ወደ ላይ ሳብ። ጤነኛ ከሆነ እየተንሸራተተ ይመጣል። ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ ሽቦው «ቀጭ» ብሎ ይይዝሃል። በመጀመሪያው ቀን ትጠራጠራለህ፤ አንድ የሞተ ቀለሃ ከነካህ በኋላ ግን ጣትህ አይረሳውም። ያን ቀለሃ በፒንሳ ጨፍልቀህ ጣለው፤ ሳትጨፈልቀው ከጣልከው ተመልሶ ሳጥንህ ውስጥ ታገኘዋለህ።

ርዝመቱንም አትርሳ። ናሱ ወደ አንገቱ እየፈሰሰ ይረዝማል። ለ308 ከፍተኛው 2.015 ኢንች ነው፤ ካለፈ ወደ 2.005 ይከረከማል። የሚለካው ሳይዝ ከተደረገ በኋላ ነው።

አንዴ ዳዩን ካስተካከልኩ ቆልፌ ልተወው?

ቆልፈው፣ ግን አትመነው። ናስ እየተቀጠቀጠ ሲሄድ ይደነድናል፤ የደነደነ ናስ ከዳዩ ሲወጣ ወደ ነበረበት የመመለስ ጠባዩ ይጨምራል። ያው ዳይ፣ ያው ቦታ፣ መጀመሪያ ሁለት ሺኛ የገፋው በአምስተኛው ዙር አንድ ሺኛ ብቻ ሊገፋ ይችላል። አንገቱንና ትከሻውን በእሳት ማለስለስ ይህን ያቀልላል። መቀመጫው ግን እሳት አይንካው፤ ከለሰለሰ ግፊቱን አይችልም።

ስለዚህ በየዙሩ መጀመሪያ ላይ ሦስት ቀለሃ ሳይዝ አድርግና ለካ። ከዚያ ሌላውን ቀጥል። ቅባት ስትቀይርም፣ ቀለሃ ስትቀይርም እንዲሁ። እኔ ደብተር ነበረኝ፤ ቀኑ፣ ስንተኛ ተኩስ እንደሆነ፣ ከዳዩ በፊት ስንት፣ በኋላ ስንት። የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ይጽፋል። ባለፈው ሳምንት የላከልኝ ላይ ከአራት ዙር በኋላ ልዩነቱ ወደ ግማሽ ሺኛ ወርዷል። «ምን ላድርግ?» አለኝ። አንድ ደቂቃ አዙር አልኩት።